የመዘምራን ተማሪዎች የድምፅ አያያዝ ሥልጠና፦ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ክፍሉና ስለሚሸጠው ሽሮፕ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የድምፅ አያያዝ ሥልጠና አለ። የተዘጋጀው ለትምህርት ቤት ኳየሮችና ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ታዳጊዎች ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ኳየር አስተባባሪ እንደመሆኔ የተወሰኑ ተማሪዎቼን አስመዝግቤ፣ እኔም ከኋላ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ድርጅቱን በስም አልጠራውም፤ ከምተቸው ነገር የሚበዛው በመሐል ከተማ ተመሳሳይ ሥልጠና በሚሰጡ ሌሎች ዘንድም የማየው ስለሆነ፣ ልጁን ለማስመዝገብ የሚያስብ ወላጅ የትም ቢሄድ ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ይሻላል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለተማሪው የሚሰጠው ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም የድምፅን ጉዳት ሁሉ በተማሪው ጉሮሮና ጠባይ ላይ ጥሎ፣ የጥናቱን ርዝመት፣ የመዝሙሩን ቶን (የሚዘመርበትን የድምፅ ከፍታ) እና የድምፅ ማጉያውን አቀማመጥ የሚወስነውን የኳየር መሪ ሳይነካው ያልፋል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ድምፅ አፈጣጠር ነው። አሠልጣኟ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ የሚፈታና የሚገጠም የማንቁርት ቅርጽ ይዛ መጥታ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አደረገች። ታዳጊዎቹን ያስገረማቸው የድምፅ አውታሮቹ ትንሽነት ነበር፤ የአዋቂ ሴት አውታሮች ርዝመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ የወንዱም ቢሆን ከዚያ ብዙም አይርቅም። እነዚህ ሁለት እጥፋቶች አንድ ሶፕራኖ (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትይዝ) ዘማሪ ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለውን ላ ስትይዝ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ከጻፈች በኋላ፣ አንድ ረጅም ኖታ ለ10 ሴኮንድ ሲያዝ ስንት ግጭት እንደሚሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያባዙ ጠየቀቻቸው። 4,400 የሚለው መልስ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ድምፅ እንክብካቤ ለዓመታት የተናገርኩትን ያህል ይህ አንድ ስሌት የሠራ ይመስለኛል። በዚያው ክፍለ ጊዜ ስፔናዊው የድምፅ መምህር ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 እ.ኤ.አ. በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች ሲሠሩ ማየቱን አንስታለች፤ ወሬው አጭር ቢሆንም፣ የዘማሪ ድምፅ የሚታይና የሚመረመር የአካል ክፍል ሥራ መሆኑን ለማስረዳት በቦታው ገብቷል።

ስለ ውኃ የተሰጠው ማብራሪያ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ጥሩነቱ በብዙዎቻችን ዘንድ የኖረውን የተሳሳተ ግምት ማፍረሱ ላይ ነው። ከመድረክ ጀርባ የሚጎነጩት ውኃ የድምፅ አውታሮችን በቀጥታ አያርስም፤ ስንውጥ የአየር ቧንቧው ስለሚዘጋ ውኃው በሌላ በኩል ያልፋል፤ ወደ አውታሮቹ የሚደርሰው በሆድ ገብቶ ለመላ ሰውነት ከተዳረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእሑድ አገልግሎት የሚሆነው ውኃ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉና እሑድ ማለዳ የተጠጣው እንጂ መዝሙሩ ሊጀመር ሲል የሚቀዳው አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ብርዳም መሆኑን፣ በአፍ የሚተነፍስ ዘማሪም በዚህ ወቅት ቶሎ እንደሚደርቅ አሠልጣኟ ማንሳቷም ተገቢ ነበር። ገና እና ጥምቀት የሚውሉት፣ ኳየሮችም ከዓመቱ ሁሉ አብዝተው የሚያጠኑት በዚሁ ወቅት መሆኑን እኔ ልጨምር።

ጎዶሎነቱ ጾምን መዝለሉ ነው። «ጠርሙሳችሁን ቀኑን ሙሉ ከእጃችሁ አትለዩ» የሚለው ምክር በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ድረስ እህል ውኃ ለማይቀምስ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ፣ በትምህርት ቤት ኳየር ግን ከጓደኞቻቸው ጋር የሚዘምሩ ልጆችም አሉን። ከተማሪዎቼ አንዷ ይህንኑ ጠየቀች፤ የተሰጣት መልስ «እንደ አቅምሽ ጠጪ» የሚል ብቻ ነበር። ሊባል የሚችል ብዙ ነገር ነበር። ከጾም በኋላ ያለውን ምሽት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየጠጡ ማሳለፍ፣ ከፍ ያለ ድምፅና ረጅም ጥናት የሚጠይቁ መዝሙሮችን ወደ ቅዳሜ ማዛወር፣ በጾሙ ሰዓት የሚደረገውን ልምምድ ግጥም በማጥናት፣ ምት በመቁጠርና በቀስታ በማንጎራጎር መወሰን፣ ምንም ሳይውጡ የሞቀ ውኃ እንፋሎት በአፍንጫና በአፍ መሳብ፤ እነዚህ ሁሉ ጾሙን ሳይነኩ ድምፁን የሚጠብቁ መንገዶች ናቸው። አዲስ አበባ መሐል ተቀምጦ ለመዘምራን የሚያስተምር ሥልጠና ይህን ርዕስ ሳያሰናዳ መምጣቱ አያስመሰግነውም።

ከሥልጠናው ሁሉ የሚበልጠው፣ ብቻውን ክፍያውን የሚያካክስ የምለው፣ የስትሮው ልምምድ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስና አንድ ስትሮ ይዞ ይመጣል። ውኃው እስከ ጠርሙሱ ሲሶ ይሞላል፤ የስትሮው ጫፍ ከውኃው ወለል በታች ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ተማሪው ከንፈሩን በስትሮው ዙሪያ ገጥሞ «ኡ» የሚለውን ድምፅ ያወጣል፣ ውኃውም ይንቦቀቦቃል። አሠልጣኟ ከድምፁ ይልቅ የምታየው አረፋውን ነው። አረፋው ሳይቆራረጥ በእኩል ምት ሲወጣ ትንፋሹ ተስተካክሏል ማለት ነው፤ ድንገት ሲፈላና ውኃው ከጠርሙሱ አፍ ሲረጭ ተማሪው እየገፋ ነው። ከዝቅተኛው ድምፅ ተነሥቶ እስከ ከፍተኛው፣ ከዚያም ተመልሶ ቁልቁል እየተንሸራተቱ መሥራት ይቀጥላል። አንድ የቴነር (ከፍተኛውን የወንድ ድምፅ የሚይዝ) ተማሪዬ መሐል ላይ ሲደርስ አረፋው ሁልጊዜ ይቆም ነበር፤ በመዝሙር ጊዜ ድምፁ የሚሰነጠቀውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ይህን እሱ ራሱ በዓይኑ አይቶ ማወቁ «እዚህ ጋ ድምፅህ ይሰበራል» ብዬ ከምነግረው እጅግ የተሻለ ነው።

ለምን እንደሚሠራም በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል። የአፉ መውጫ በስትሮው ሲጠብ ከአውታሮቹ በላይ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ በዚህ የተነሣ አውታሮቹ እርስ በርስ በኃይል ሳይጋጩ፣ በለሰለሰ ሁኔታ ይርገበገባሉ። ከንፈርን እያንቀጠቀጡ ድምፅ ማውጣትና አፍን ዘግቶ «ምምም» ማለትም በዚሁ መርሕ የሚሠሩ ናቸው። ዘዴው በአሜሪካዊው የድምፅ ሳይንቲስት ኢንጎ ቲትዝ ጽሑፎች በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ገንዘብ የማያስወጣና ጎረቤት የማይረብሽ መሆኑ ለእኛ ኑሮ ተስማሚ ያደርገዋል። ከጥናት በፊት ለማሟሟቅ፣ ከጥናት በኋላም ለማርገብ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የኋለኛውን፣ ማለትም ከዘመሩ በኋላ ድምፅን ማርገብን፣ በኳየሮቻችን ሲደረግ አይቼ አላውቅም፤ ጸሎት አድርሰን፣ ወንበር ሰብስበን፣ እየተጯጯህን ወደ ታክሲ መሮጥ ነው ልማዳችን።

ስለ ጉሮሮ መጥረግ የተሰጠው ትምህርትም እንዲሁ ከተግባር ጋር የተያያዘ ነበር። ጉሮሮን በኃይል መጥረግ ሁለቱን አውታሮች የሚያጋጭ ድርጊት ነው፤ በተጠረገ ቁጥር ቦታው ስለሚቆጣ እንደገና አክታ ያለ ይመስላል፤ እንደገናም ይጠረጋል። በየመስመሩ መሐል «እህህ» የማለት ልማድ ያላት አንዲት የአልቶ (ዝቅተኛውን የሴት ድምፅ የምትይዝ) ተማሪ ይህን እንድትተው አልተነገራትም፤ በምትኩ ስሜቱ ሲመጣባት አንድ ጉንጭ ውኃ እንድትውጥ፣ ውኃ ከሌለም ምራቋን እንድትውጥ፣ በረሳችው ቁጥር ደብተሯ ጥግ ላይ አንድ ጭረት እንድታሰፍር ተደረገ። በሳምንቱ ጭረቶቹ እየቀነሱ ሄዱ። ድምፅ ሲዘጋ በሹክሹክታ መናገርም ዕረፍት እንዳልሆነ ተነግሯል፤ ብዙ ሰው ሲንሾካሾክ ጉሮሮውን ያጨናንቃልና፣ ዝም ማለት ወይም በለሆሳስ ግን በትክክለኛ ድምፅ መናገር ይመረጣል። ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ የቀረበው በመስኮቱ በኩል የሚሰማን የታክሲ ረዳት ነው። ከጠዋት ጀምሮ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል የዋለው ወጣት ድምፅ በእኛ ሰዓት ሻክሮ፣ አንዳንዱ ቃል አየር ብቻ ሆኖ ነበር የሚወጣው። አሠልጣኟ «እሱ ለእንጀራው ነው፤ እናንተስ በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ የምትጮኹት ለምንድን ነው?» ስትል ሁሉም ሳቁ።

ይሁን እንጂ ያ መስኮት ከምሳሌነቱ ይልቅ ጉዳቱ ይበዛል። ክፍሉ ወደ መንገዱ የዞረ ስለሆነ የመኪናው ጡሩምባ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸትና የግንባታው ድምፅ ይገባል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ያን ያህል ሰው የያዘው ክፍል ይታፈናል፤ ሲከፈት አቧራ ነው። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ሳይመለስ የትንፋሽ ልምምድ የጀመሩ ቀናት ነበሩ። የጩኸቱ ነገር እንዲሁ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው በጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ጠባይ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ተማሪዎቹ በዚያ ክፍል «ሳትገፉ ዘምሩ» ቢባሉም፣ ክፍሉ ራሱ እንዲገፉ ያስገድዳቸዋል። ሥልጠናውን የሚሰጡት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው እያወቁ ከኋላ በኩል ያለውን ጸጥተኛ ክፍል ለቢሮ መጠቀማቸው አልገባኝም።

ዋናውን ቅሬታዬን ያነሣሁትም በዚሁ በሎምባርድ ነገር ላይ ነው። የኳየር ተማሪ ድምፁን የሚጎዳው በአብዛኛው ብቻውን ሳለ አይደለም። ጀርባው ላይ ከበሮ ወይም ድራም፣ ጎኑ ላይ ኪቦርድ፣ ፊቱ ላይ ወደ ምእመኑ የዞረ ትልቅ ስፒከር ይቆማል፤ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ሞኒተር ግን የለም፣ ካለም ለሶሎው ብቻ ነው። የራሱን ድምፅ ያልሰማ ዘማሪ እስኪሰማው ድረስ ይጮኻል። ይህን የሚያስተካክለው ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) ጋ የተቀመጠው ሰውና እሱን የሚያዘው መሪ እንጂ የ15 ዓመቷ አልቶ አይደለችም። የመዝሙሩ ቶንም እንደዚሁ ነው፤ የሶሎ ዘማሪው ድምፅ ጎልቶ እንዲወጣ ሲባል ቶኑ ከፍ ይደረጋል፣ በኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ በመጫን ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ማድረግ እየተቻለ ሠላሳ ልጅ ከአቅሙ በላይ ይዘረጋል። ድምፃቸው በመለወጥ ላይ ያሉ ወንዶች ልጆች ትናንት የያዙትን ኖታ ዛሬ ሲያጡት ወደ ሌላ ክፍል ከማዛወር ይልቅ «አልሠራህም» ተብለው ይወቀሳሉ። በዓል ሲቃረብ ጥናቱ ያለ ዕረፍት ሦስት ሰዓት ይሄዳል፤ አንድ የተሳሳተ መስመር ሃያ ጊዜ በሙሉ ድምፅ ይደገማል፣ አሥራ ዘጠኙን ጊዜ ግን በማንጎራጎር ማድረግ ይቻል ነበር።

እነዚህ ሁሉ ለመሪው የሚነገሩ ናቸው። ሥልጠናው ለመሪዎች የመደበው አንድም ክፍለ ጊዜ የለውም። ተማሪዎቹ ስለ ዕረፍት ተምረው ወደየኳየራቸው ሲመለሱ፣ «ድምፄ ደክሟልና ዛሬ ላንጎራጉር» ብሎ ለመሪው መናገር በእኛ ባህል ለታዳጊ ቀላል አይደለም፤ እንደ ስንፍና ወይም እንደ ንቀት ሊቆጠርበት ይችላል። አንድ ተማሪ ይህን ሥጋቱን በግልጽ ሲናገር «በትሕትና አስረዱ» የሚል መልስ ተሰጠው። ሸክሙ የተጫነው አቅም በሌለው ወገን ላይ ነው።

በርዕሱ ወዳነሣሁት ሽሮፕ ልለፍ። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ በመግቢያው ጠረጴዛ የማርና የዝንጅብል ሽሮፕ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ስለ ውኃ ሲወራም ደጋግሞ ይወደሳል። ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ የተቆጣ ጉሮሮንም ለጊዜው ያለሰልሳል። ነገር ግን ከማርና ከዝንጅብል ሌላ ነገር ስለሌለው እናት በቤቷ በአንድ ሲኒ ሙቅ ውኃ የምታዘጋጀውን ያህል ነው የሚሠራው፣ ዋጋው ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው አሠልጣኟ ውኃ አውታሮቹን በቀጥታ እንደማይነካ ባስተማረች ማግሥት «ሽሮፑ አውታሮቹን ይቀባል» የሚል ወረቀት ጠርሙሱ ላይ ተለጥፎ ማየት ነው። የሚዋጥ ነገር ሁሉ የሚያልፈው በዚያው በሌላው በኩል ነው። ጥሬ እንቁላል መዋጥም፣ ተልባ መጠጣትም ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ሥራ የላቸውም። ወደ አውታሮቹ በቀጥታ የሚደርሰው የምንተነፍሰው አየር ስለሆነ እንፋሎት ምክንያታዊ ነው፤ ለእሱም ተራ የሞቀ ውኃ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አብዝቶ መጨመር አንዳንዱን ሰው ስለሚያስል ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ የፈላውንም ውኃ ታዳጊዎች ብቻቸውን ባይዙት ይመረጣል። የዕጣን፣ የከሰልና የሲጋራ ጭስም በዚያው የአየር መንገድ የሚገባ ስለሆነ፣ ዘማሪው ከጭሱ ፊት ለፊት እንዳይቆም ማድረግ ከማንኛውም ሽሮፕ ይልቃል።

ስለ ምግብ የተነገረው አጭርና ትክክል ነበር። ማታ አምሽቶ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው መተኛት የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ጠዋት ጠዋት ድምፁ የሚሻክር፣ ጉሮሮው የሚያቃጥለውና ቃር የሚያስቸግረው ዘማሪ እራቱን ከመኝታው ሦስት ሰዓት ያህል ቢያስቀድም ይጠቅመዋል። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ መድገምም በዚሁ በኩል ታይቷል።

ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የተሰጠው ግን ከሁሉ አብዝቶ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ እንደሆነ። ጉንፋን ያመጣው የድምፅ መዘጋት ብዙውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቃል። ያለ ግልጽ ምክንያት ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መሻከር፣ ሲዘምሩ የሚሰማ ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም በጩኸት መሐል ድንገት የጠፋ ድምፅ ግን የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ በተለይ በድንገት የጠፋው አውታሩ ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል እስኪታይ ድረስ ዝም ማለት ያስፈልጋል። አውታሮች ላይ በተደጋጋሚ ግጭት የሚወጡት ትንንሽ እብጠቶች በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በድምፅ ዕረፍትና አጠቃቀምን በማረም ይሻላቸዋል፤ ይህን የማያውቁ ወላጆች ልጃቸው ዳግመኛ እንዳይዘምር ወይም ቢላዋ እንዳይነካው ፈርተው ሐኪም ቤት ሳይወስዱት ይቆያሉ። ሐሳቡ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ታለፈ፤ ለወላጆች የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልነበረም።

ክፍያው ለአንድ ወር የኪቦርድ ትምህርት ከሚጠየቀው ያነሰ ነው፤ በስትሮው ልምምድና አሠልጣኟ ለእያንዳንዱ ልጅ በምትሰጠው ትኩረት ተመዝኖ አይበዛም። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልመክረውም፤ የንድፈ ሐሳቡ ክፍል ይረዝምባቸዋል። ሰርተፍኬቱ ለምንም አይጠቅምም። ማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ክፍሉን ራሱ ሄዶ ይመልከት፣ ሽሮፑን መግዛት ግዴታ አለመሆኑን ያረጋግጥ፣ ጥናቱ ከጾም ጋር የሚገጥም ከሆነም አስቀድሞ ይናገር። ለመሪዎች የተለየ ክፍለ ጊዜ እንዲከፈት አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቄ «በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን» ተብያለሁ። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹን በቡድን የሚያስመዘግብ የኳየር መሪ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ መቀመጥ ስለሚፈቀድለት፣ የድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረውን ልጅም ይዞ ቢገባ የሚከለክለው የለም።